አዲስ አሠልጣኝ፣ አዲስ ተስፋ፦ ደጋፊ ሲያምን ምን ያያል?

የመድረኩ አዘጋጆች የንግግሬን ርእስ ሲሰሙ «እግር ኳስ ነው ወይስ ስታቲስቲክስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሁለቱም ነው አልኋቸው። በእርግጥ ግን ይህ ንግግር ለአንድ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሰናበታቸው በተሰማ ሰሞን የስታቲስቲክስ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ተማሪዎቹ በዚሁ ወሬ ተጠምደው ስላገኘኋቸው እኔም አስተያየቴን ሰጠሁ። «ዘገየ እንጂ ተገቢ ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል» አልሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ናሙናው ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ናሙና መጠን ያስተማርሁት እኔው ነኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁና «ኳስና ትምህርት አይቀላቀልም» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከአንድ ዓመት በፊት እኒህኑ ሰው ከማንም በላይ ያወደስሁ እኔ ነበርሁ። ስወድሳቸውም ሆነ ይውረዱ ስል በእጄ የነበረው ማስረጃ ስንት ነበር? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

የ31 ዓመት ጥበቃ

በመጀመሪያ የነበረውን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ መሥራቾች አንዷ ናት። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ፣ በአሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ እየተመራች፣ ያንኑ ተጋጣሚ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ቁልቁል ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተካሄደው ውድድር ወዲህ ለ31 ዓመታት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለስንም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የልጅነት ወሬውን ለልጆቹ ሲያወርስ፣ ልጆቹም ያላዩትን ነገር ሲሰሙ አደጉ ማለት ነው።

በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል ቡድኑ አሠልጣኝ በአሠልጣኝ ላይ ተፈራርቆበታል። ኢፊ ኦኑራ ሄዱ፤ ቤልጅየማዊው ቶም ሴይንትፊት መጡ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰውነት ቢሻው ኃላፊነቱን ተረከቡ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ የተሰማን ስሜት ጥንቃቄ የተቀላቀለበት ደስታ ነበር፤ «የራሳችን ሰው ነው፣ ሊጉን ያውቃል፣ ልጆቹን በቋንቋቸው ያነጋግራል» አልን።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። በአፍሪካ ዋንጫው ማጣሪያ ከቤኒን ጋር በሜዳችን ያለ ግብ ተለያየን፤ ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ወጣን። ከሜዳ ውጭ በተቆጠረችው ግብ አለፍን። በመጨረሻው ዙር ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ነበር፤ ካርቱም ላይ ያስቆጠርናቸው ሦስት ግቦች አሻገሩን። ያን ቀን እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ነበር፤ መቀመጫ አልተገኘም። ጨዋታው ሲያልቅ ከአጠገቤ የቆሙ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ አዛውንት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ሳልሞት አየሁት» አሉኝ። አላውቃቸውም። እስከ ዛሬም ስማቸውን አላውቅም።

በዚያው ዓመት ጥር 13 ቀን በደቡብ አፍሪካ ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ተጫወትን። ልብ በሉ፤ ቀኑ ዋንጫ ከወሰድንበት ዕለት ልክ 51ኛ ዓመት ነው። ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በጎዶሎ ሰው ተጫውተን፣ 1 ለ 1 ተለያየን። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድብ ወጣን። ተስፋው ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ብራዚልን ማለም ጀመርን። ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ቢቀነስብንም ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። በመጨረሻው የጥሎ ማለፍ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ከሁለት ወር በኋላ በቻን ውድድር ሦስት ጨዋታ ተጫውተን አንድም ግብ ሳናስቆጥር ሦስቱንም ተሸነፍን። አሠልጣኙ ተሰናበቱ። እኔም ክፍል ገብቼ «ተገቢ ነው» አልሁ።

«አሸነፍን» እና «ተሸነፉ»

የደጋፊ ተስፋ ከየት ይመጣል? ከመጀመሪያዎቹ መልሶች አንዱ በሰዋስው ውስጥ ይገኛል። ቡድኑ ሲያሸንፍ የምንለውን አድምጡ፤ «አሸነፍን፣ አገባን፣ አለፍን» እንላለን። ሲሸነፍ ግን «ምን ሆነው ነው? ተኝተው ዋሉ፤ ተሸነፉ» እንላለን። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚሸከም ሽሽቱ በአንዲት ፊደል ይፈጸማል።

ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተመልክተዋል። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ካሸነፈ በኋላ ተማሪዎች የተቋሙን ስም ወይም ዓርማ የያዘ ልብስ ለብሰው የመምጣታቸው ነገር ይጨምራል። ስለ ድሉ ሲጠየቁም «እኛ» የሚለውን ቃል ከሽንፈቱ ይልቅ ይጠቀማሉ። ሰው በሌላው ክብር ይሞቃል፤ ሞቅታውን ለማግኘትም ትንሽ ግንኙነት ይበቃዋል።

አዲስ አሠልጣኝ ሲሾም ታዲያ ምን ይሆናል? «እነሱ» ብለን ከሸሸነው ቡድን ጋር ያለ እፍረት የምንታረቅበት በር ይከፈታል። የትናንቱ ሽንፈት የትናንቱ ሰው ነው፤ አዲሱ ሰው ገና አልተሸነፈም። ያልተሸነፈን ሰው ደግሞ «የእኛ» ማለት ቀላል ነው። ስለዚህ ከሹመት በኋላ የሚታየው ተስፋ በከፊል ስለ አሠልጣኙ ችሎታ የተሰጠ ግምት አይደለም፤ ወደ ቤት የመመለሻ ምክንያት ነው። ይህን ስል እየነቀፍሁ አይደለም። ያ አዛውንት እጄን የያዙት «እኛ» የሚለው ቃል ለአንድ ከሰዓት በኋላ እርሳቸውንና እኔን ስለጨመረን ነው።

ወደ አማካይ መመለስ

ሁለተኛው ምንጭ ስሌት ነው፤ እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ታገሡኝ። በረጅም ጊዜ ከአሥር ጨዋታ አራቱን የሚያሸንፍ አንድ ቡድን እናስብ። አሠልጣኙም ተጫዋቾቹም አልተለወጡም እንበል፤ እያንዳንዱ ጨዋታም ከሌላው ነጻ ነው ብለን እናቅልለው። ይህ ቡድን አምስት ተከታታይ ጨዋታ ያለ ድል የሚያሳልፍበት ዕድል ስንት ነው? 0.6ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። 16 እንዲህ ያሉ ቡድኖች ባሉበት ሊግ ውስጥ፣ በየትኛውም የአምስት ጨዋታ ወቅት፣ በአማካይ ከአንድ በላይ ቡድን በዕድል ብቻ ይህ ይደርስበታል ማለት ነው።

አሁን ያ ቡድን አሠልጣኙን ያሰናብታል። አዲሱ ሰው ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ አምስት ጨዋታ ቢመራ በአማካይ ስንት ያሸንፋል? ሁለት። ደጋፊው ግን የሚያየው ከዜሮ ወደ ሁለት የተደረገ ለውጥ ነው። «ሰውየው ቡድኑን ነፍስ ዘራበት» ይላል። ስታቲስቲክስ ይህን ወደ አማካይ መመለስ ይለዋል። ሐሳቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፍራንሲስ ጋልተን የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ነው ያገኘው፤ በጣም ረጃጅም ወላጆች ያሏቸው ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም በአማካይ ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ መካከለኛው ይቀርባሉ።

ይህን ለጎዛምን ገበሬ ማስረዳት ለእኛ ከማስረዳት ይቀላል። ሰብሉን በረዶ የመታበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን ይቀይራል እንበል። ምርቱ ይሻሻላል። ዘሩ የተሻለ ስለሆነ ነው? ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በረዶ ሁልጊዜ በአንድ ማሳ ላይ አይወርድም፤ የድሮውን ዘር ቢዘራም ምርቱ ካለፈው ዓመት መሻሻሉ አይቀርም ነበር። አስተዋይ ገበሬ ማሳውን ከፍሎ ግማሹን በድሮው ዘር ግማሹን በአዲሱ ይዘራል፤ ከዚያም ያስተያያል። እኛ «የቁጥጥር ቡድን» የምንለው ይህንኑ ነው።

በእግር ኳስ ማሳውን መክፈል አይቻልም፤ አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ በሁለት አሠልጣኝ አይመራም። ሆኖም ተቀራራቢ ዘዴ አለ። ኔዘርላንዳውያኑ ያን ፋን ኡርስና ማርቲን ፋን ታውል እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በአገራቸው ከፍተኛ ሊግ የ14 የውድድር ዓመታት መረጃ ተመለከቱ። በውድድር ዓመቱ መካከል አሠልጣኛቸውን ያሰናበቱ ክለቦችን፣ ውጤታቸው በተመሳሳይ መልክ አሽቆልቁሎ ሳለ አሠልጣኛቸውን ካላሰናበቱ ክለቦች ጋር አነጻጸሩ። ካሰናበቱ በኋላ ውጤት ይሻሻላል፤ ያላሰናበቱትም ግን በተመሳሳይ መጠን ይሻሻላሉ። አንድ ሌላ የኔዘርላንድ ተመራማሪ፣ ባስ ቴር ቬል፣ ከእነርሱ ቀደም ብሎ ወደ ተቀራራቢ ድምዳሜ ደርሶ ነበር።

ከዚህ «አሠልጣኝ ዋጋ የለውም» ወደሚል ድምዳሜ እንዳትሄዱ አደራ። ጥናቱ የሚናገረው በውድድር መካከል በችኮላ ስለሚደረግ ስንብትና ከዚያ ወዲያው ስለሚታየው ውጤት ነው። አንድ ሰው ለዓመታት ተጫዋች ሲያፈራ ስለሚያመጣው ለውጥ አይናገርም። ብሔራዊ ቡድንም ክለብ አይደለም፤ የሚጫወተው ጥቂት ጨዋታ ነው። ይህ ግን ችግሩን ያብሰዋል እንጂ አያቀለውም፤ ናሙናው ባነሰ ቁጥር ዕድል የሚጫወተው ሚና ይሰፋል።

የሰውነት ቢሻውን ጉዞ በዚህ ዓይን መልሼ ስመለከት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ባለፍንባቸው አራት ጨዋታዎች ያሸነፍነው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱን ዙሮች የተሻገርነው ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ነው። ውድድሩ ወደ ጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ሲዛወር ማጣሪያው አጭር ጥሎ ማለፍ በመሆኑ ረጅሙን የምድብ ጉዞ ማለፍም አላስፈለገንም። ካርቱም ላይ ከሦስቱ ግቦቻችን አንዷ ብትቀር እኒያው አሠልጣኝ፣ እኒያው ተጫዋቾች «አልቻሉም» ተብለው ይረሱ ነበር። ሁለተኛ፣ ለመሰናበታቸው ቅርብ ምክንያት የሆነው የቻን ውድድር በአገር ውስጥ በሚጫወቱ ልጆች ብቻ የተደረገ የሦስት ጨዋታ ውድድር ነበር። እንግዲህ ለተማሪዬ ጥያቄ መልሱ ይኸው፤ ናሙናው ሦስት ነበር።

የዘራ እና ያጨደ

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጊዜ ነው። ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱና ውበቱ አባተ ተከታትለው ቡድኑን መርተዋል። እያንዳንዱ ሲሾም አዲስ ተስፋ ነበር፤ ሲሄድም ሒሳቡ ከዜሮ ይጀመራል። ሒሳቡ በእርግጥ ከዜሮ ይጀምራል?

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ነበርሁ። ከደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋር፣ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስናሸንፍ አየን። አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። ከሦስት ቀን በፊት በማዳጋስካር ተሸንፈን ስለነበር ድሉ እንደ ተአምር ተቆጠረ፤ ሆኖም ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣ፣ ውድድሩ ተቋረጠ፣ የአሠልጣኙም ውል አበቃ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ውበቱ አባተ ተሾሙ። ቀደም ሲል ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ዓ.ም. ለሊጉ ዋንጫ ያበቁ ሰው በመሆናቸው ተስፋው ከፍ ያለ ነበር። ተስፋውንም አላሳፈሩትም። ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0 አሸንፈው መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ።

አሁን ነጥቡን እንቁጠር። ኢትዮጵያ ምድቡን የጨረሰችው በ9 ነጥብ ነው፤ ማዳጋስካር በ8። ከዘጠኙ ስድስቱ የተገኙት በውበቱ ዘመን ነው፤ ሦስቱ ግን ያን ዕለት ባሕር ዳር ላይ፣ በአብርሃም ዘመን፣ የተሰበሰቡ ናቸው። ከእነዚያ ሦስት አንዲቷ ነጥብ ብቻ ብትኖረን ኖሮ 7 ይዘን ቤታችን እንቀር ነበር። አዲሱ መሪ ያጨደው የራሱንም፣ የቀደመውንም ዘር ነው። ይህ የውበቱን ሥራ አያሳንሰውም። የሚያሳየው፣ እኛ ደጋፊዎች ድልን ለአንድ ስም ስንሰጥ የአንድ ሌላ ሰው ድካም እንደምንሰርዝ ነው።

ተስፋው ከአሠልጣኙ ውጭ ባሉ ነገሮችም ይታሰራል። ካፍ ስታዲየሞቻችን መመዘኛውን አያሟሉም በማለቱ በ2014 ዓ.ም. «የሜዳችን» ጨዋታ በሰው አገር ሆነ። ጋናን የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው፣ በትውልዳችን ከታዩት ድሎች ትልቁ ሊባል የሚችለው፣ ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በቴሌቪዥን እያየሁ የዚያ አዛውንት እጅ ትዝ አለኝ። አሠልጣኝ ሣር አያበቅልም፤ የመልበሻ ክፍልም አይሠራም። ውበቱም በ2015 ዓ.ም. ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፤ የስታዲየሙ ጉዳይ ግን ባለበት ነበር።

ታዲያ ተስፋ ስሕተት ነውን?

አይደለም። ተስፋ ከስሌት የሚቀድም ነገር ነው፤ ተስፋ የሌለው ሰው ስታዲየም አይሄድም፣ ልጁንም ኳስ አያስጀምርም። ስሕተቱ ተስፋን የምንሰቅልበት ቦታ ላይ ነው። አዲስ መሪ ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እመክራለሁ። የመጀመሪያው፣ አሁን የማየው መሻሻል ያለ ለውጡም ይመጣ ነበር ወይ? ሁለተኛው፣ ከማየው ውጤት ውስጥ የቀደመው ሰው የዘራው ስንቱ ነው? ሦስተኛው፣ ይህ ሰው ቢሄድ ከሥራው የሚቀር ነገር አለ ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ ይድነቃቸው ተሰማን ያስታውሰኛል። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫ ያስገኙ አሠልጣኝ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ስማቸው ከአንድ ፎቶግራፍ አይወጣም ነበር። እርሳቸው ግን በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ምሥረታ ተካፍለዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሕልፈታቸው 1979 ዓ.ም. ድረስም በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ያ ሥራ በአምስት ጨዋታ አይለካም፤ ሠሪው ካለፈም በኋላ ቀርቷል።

እዚህ አዳራሽ ያለነውም ከዚህ ነጻ አይደለንም። አዲስ ዲን፣ አዲስ የትምህርት ክፍል ኃላፊ በተሾመ ቁጥር «አሁን ገና ሰው መጣ» ስንል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም «ይኸኛውም አልሆነ» ስንል እንሰማለን። እኔም ብዬዋለሁ። አንድን ሰው በሦስት ጨዋታ አንግሠን በሦስት ጨዋታ ስናወርድ የምንጎዳው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ለረጅም ጊዜ ማሰብ እንዳይደፍር እናስተምረዋለን። ነገ እንደሚወርድ የሚያውቅ አሠልጣኝ የ17 ዓመት ልጅ አያሰልፍም።

ያ ተማሪዬ ተመርቆ ከሄደ ቆይቷል፤ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህ ንግግር ምናልባት ይደርሰው ይሆናል። ያን ቀን «ኳስና ትምህርት አይቀላቀልም» ያልሁት ተሳስቼ ነው። ተቀላቅለው ነበር፤ ፈተናውን የወደቅሁት እኔ ነኝ። ወደፊት አዲስ አሠልጣኝ ሲሾምም ሻይ ቤት ሄጄ ቆሜ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ እጮኻለሁም። «ይውረድ» ለማለት ግን ቢያንስ ናሙናው እስኪበቃ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ ያለው፣ በተለይ ከኋላ ወንበር፣ እጁን ያውጣ።